ከጤነኞች ተራ የወጣው ደም

ይህ ታሪክ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ድሮ ቢሆን «ወንድሜ ይሙት!» ብዬ እምልላችሁና ነገሩ በዚያ ያልቅ ነበር። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ግን ያ መሐላ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ስለዚህ በራሴ ልማል፤ አንዲት ቃል ጨምሬ ብገኝ እኔ ልሙት፤ የዶክትሬት ካባዬን ብል ይብላው፤ ስሜ የታተመበት መጽሔት ሁሉ የሱቅ መጠቅለያ ይሁን። ከዚህ በላይ የሚምል ሰው ካገኛችሁ እሱ ውሸታም ነው።

ነገሩን ያመጣው ከተማርኩበት የሕክምና ፋኩልቲ የተደወለልኝ ስልክ ነው። በምርምር ዶክትሬት ለሚገቡ አዲስ ተማሪዎች የሚያድሉት መጽሔት አለ። «ዶክትሬቱ ምን ችሎታ፣ ምን ጠባይ እንደሰጠህ ለልጆቹ ጻፍላቸው» አሉኝ። እኔን መምረጣቸው አይገርምም፤ የሚገርመው እስካሁን መቆየታቸው ነው። ሌላ ተመራቂ ቢሆን ትዕግሥት፣ ጥንቃቄ፣ የጊዜ አጠቃቀም እያለ ሲደረድር ይውልና ልጆቹን ያስተኛቸዋል። የእኔ ሌላ ነው። እኔ በዶክትሬቴ የወንድሜን ዕድሜ አስረዝሜያለሁ። ሞት ደጁ ላይ ቆሞ ሳለ ከማንም ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። በኋላ ሞተ፤ እሱን አልክድም። ግን በእኔ ምክንያት ዘግይቶ ሞተ። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ እንዳታልፉት።

አስቀድሜ ስለ እጄ ልንገራችሁ። በዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደ እኔ ያለ እጅ ገብቶ አያውቅም። ጠብታ የምንቀዳባትን ፒፔት ስይዝ የእኔ እጅ አለመንቀጥቀጡ ብቻ አይደለም፤ አጠገቤ ያለውም ሰው እጁ መንቀጥቀጥ ያቆማል። ይህ ግን አብሮኝ የተወለደ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ያልተበላሸብኝ ነገር አልነበረም። ማቀዝቀዣው በመብራት መቋረጥ ጠፍቶ የስንት ወር ድካሜ እንደ ሾርባ ቀለጠ። ሌላው ተማሪ እንዲህ ሲሆንበት ሽንት ቤት ገብቶ ያለቅሳል። እኔ ዕቃዬን አጣጥቤ፣ እያፏጨሁ፣ ከዜሮ ጀመርኩ። ሽንት ቤት የገባሁት ለሽንት ብቻ ነው።

አማካሪዬ ፕሮፌሰር ከኋላቸው «መርፌዋ» ይባሉ ነበር። ሲወጉ አይታወቅም፤ ሕመሙ የሚሰማው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። የጻፍኩትን ገጽ ያነቡና በለሰለሰ ድምፅ «ቆንጆ ነው። ይህን ከየት እንዳገኘኸው፣ እውነት መሆኑንም በምን እንዳወቅህ ብቻ ጨምርበት» ይሉኛል። ያን ስጨምር ከገጹ ላይ ሳይሰረዝ የሚተርፈው ቀኑ ብቻ ይሆናል። አጠገቤ የሚሠራው ተማሪ ቅጽል ስሙ ደግሞ «ምናልባት» ነው። ያለዚያች ቃል አፉን ከፍቶ አያውቅም። ስሙን ብትጠይቁት እንኳ «ምናልባት…» ብሎ የሚጀምር ሰው ነው። በእርግጠኝነት ሲናገር የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ምሳዬን በልተህብኛል ያለኝ ዕለት።

የእኔ ጥናት ኩላሊት ላይ ነበር። ኩላሊት ክፉ አካል ነው፤ አይጮህም። ጥርስ ሲታመም ሰፈር ያስነሣል፤ ሆድ ሲታመም ያንከባልላል። ኩላሊት ግን ግማሽ አካሉ ሞቶ ግማሹ ጥርሱን ነክሶ ይሠራል፤ ባለቤቱም ደህና ነኝ እያለ ይዞራል። ሲጮህ ያለቀ ቀን ነው። እኔ ሳያልቅ በፊት የሚያሳብቅበትን ምልክት ከደም ውስጥ ላወጣ ተነሣሁ። ለዚህ ደግሞ ሁለት ተራ ደም ያስፈልጋል፤ የሕመምተኞችና የጤነኞች። አንዱ ከሌላው ጎን ካልቆመ ልዩነቱ አይታይም። የሕመምተኛ ችግር የለም፤ ሆስፒታሉ ኮሪደሩ ድረስ ሞልቷል። የሚጠፋው ጤነኛ ነው። ጤነኛ ሰው ክንድህን ስጠኝ ስትሉት ሥራ ይበዛበታል። ስለዚህ የዶክትሬት ተማሪ ሁሉ መጨረሻው ዘመዱ ጋ ነው። በዚያ ሕንጻ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተደረደረው የጤነኛ ደም አፍ ቢኖረው እርስ በርሱ አክስቴ፣ አጎቴ ይባባል ነበር።

እኔም ታናሽ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ቅጽል ስሙ «ግንቡ» ነው፤ እናታችን ሳትቀር በዚያ ነበር የምትጠራው። ሥራው ቤት ለሚለቅቁ ሰዎች ዕቃ ማመላለስ ነው። ቁም ሣጥን ከነልብሱ፣ ፍሪጅ ከነምግቡ ያነሣል። አንድ ጊዜ ፒያኖ በጀርባው ተሸክሞ ከስድስተኛ ፎቅ ሲያወርድ ፒያኖው ላይ ድመት ተኝታ ነበር፤ ምድር ቤት ሲደርስ ድመቷ ገና አልነቃችም። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው አንድ ክፍሉ የእሷ ነው፤ የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ የተቆረጠ ጨርቅ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እሷ ደግሞ ከንፈሯ መካከል ስፒል ደርድራ። የደም መቅጃ ዕቃዬን ጠረጴዛዋ ላይ ስዘረጋ ግንቡ እጅጌውን እየጠቀለለ ያደርቀኝ ጀመር።

«ጋሼ ዶክተር፣ ደሜን ልትሸጠው ነው?»

«ገና ዶክተር አልሆንኩም።»

«ታዲያ ላልተመረቀ ሰው ክንዴን ማን ፈቀደለት? እሰይ! ሰማሽ ወይ አንቺ፣ በእኔ ሊለማመድብኝ ነው!»

«ውጋው ባክህ» አለች ሚስቱ፣ ስፒሎቹን ሳታወጣ። «ቤት እየገባ ዕቃ መወርወሩ ከደሙ ጋር አብሮ ይወጣለት እንደሆነ።»

«ከጤነኞች ተራ ነው የምትገባው» አልኩት፣ መርፌውን እያስገባሁ። ደም ሥሩ የውሃ ቧንቧ ያህል ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜም አላጣውም።

«ማስረጃ ይጻፍልኝ!» አለ። «ጤነኛ መሆኔን ለእሷ የማሳያት ማኅተም ያለው ነገር ስጠኝ። በተጠማዘዝኩ ቁጥር 'ወገብህን አመመህ?' እያለች አስመርራኛለች።»

«አመመህ እንዴ?» አልኩት።

«ምን ያመኛል። እሷ ናት የሚያማት፣ በእኔ ወገብ።»

ተሳሳቅን። ደሙን ይዤ ሄድኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ገባን። ደሙ ሁሉ ወደ ትልቁ ሥራ ከመግባቱ በፊት ተራው የኩላሊት ምርመራ ይደረግለታል፤ ኩላሊት ማጣራት የነበረበት ቆሻሻ ደም ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳይ ነው። ውጤቱ ኮምፒዩተር ላይ በነጥብ በነጥብ ወጣ። ጤነኞቹ ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈዋል። አንዱ ነጥብ ግን ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ላይ፣ ብቻውን ቆሟል። ቱቦ ላይ ስም አይጻፍም፤ ምልክት ብቻ ነው ያለው። ያንን ግን በገዛ እጄ የቀዳሁት ስለሆነ ምልክቱን አወቅሁት። ልቤ ዱብ አለ። ዱብ ሲል ድምፁን ኮሪደር ላይ የሚያልፍ ሰው ሰምቶ ዘወር ብሏል።

«ምናልባት» በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አየ። «ምናልባት ጡንቻው ነው» አለ። «ሥጋው የበዛ፣ ሸክም የሚሸከም ሰው ይህ ቁጥሩ ከፍ ይላል። መጽሐፉም እንደዚያ ይላል።»

መጽሐፉ እንደዚያ ማለቱ እውነት ነው፤ አልደብቃችሁም። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የዶክትሬት ሰው ከሌላው የሚለየው። የተማረ ሰው ትልቁ ጠላቱ የሚያምር ማብራሪያ ነው። ያልተማረው ማብራሪያ ስለሌለው ይደነግጣል፣ ደንግጦም ሐኪም ቤት ይሮጣል። የተማረው ግን ያብራራና ይተኛል። እኔ አላብራራሁም! እኔ ተጠራጠርኩ!

መርፌዋ መጡ። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ነጥቡን አዩና «ለጤነኛ ተራ አይሆንም። ይውጣ፤ በቦታው ሌላ ሰው ይተካ» አሉ።

በዚያን ጊዜ የሆነውን ያዩ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወሩታል። ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት፤ ማይክሮስኮፖቹ በሙሉ አንድ ጊዜ ዘለሉ። «ፕሮፌሰር! ይህ ነጥብ ሰው ነው! አልጋ አለው፣ ሚስት አለችው፣ አሁን በዚህ ሰዓት ፍሪጅ ተሸክሟል! ነጥብ አስወጣለሁ ብዬ ሰው አላስወጣም!» አልኩ። «ምናልባት» ወደ ኋላው ሄዶ ግድግዳ ገጨ። መርፌዋ፣ ተማሪ አስለቅሰው የማያውቁት ሳይሆን ራሳቸው አልቅሰው የማያውቁት ሴትዮ፣ ዓይናቸውን በጋውናቸው እጅጌ ጠረጉ። «ሂድ ልጄ» አሉኝ። «ዛሬ ዶክተር ሆነሃል። የቀረው ወረቀቱ ነው።»

ነጭ ጋውኔን ሳላወልቅ ወጣሁ። ዝናብ ይጥላል። አውቶቡስ አልጠበቅሁም፤ አውቶቡሶቹን እያለፍኳቸው ሮጥኩ። ግንቡ የሚሠራበት ሕንጻ ስደርስ እሱ ደረጃ መሃል ላይ ቁም ሣጥን ተሸክሟል።

«አስቀምጠው!» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑን?»

«ቁም ሣጥኑን! በል አሁን!»

«ጋሼ፣ ደረጃ መሃል ነኝ እኮ። የት ላስቀምጠው፣ አንተ ላይ?»

«አዎ፣ እኔ ላይ!» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ቁም ሣጥኑን ከጀርባው ተቀብዬ አወረድኩና እሱን በቦታው ጫንኩ። ግንቡን፣ ያንን የሚያህል ሰው፣ በጀርባዬ አዝዬ ሆስፒታል አስገባሁት። ዘበኛው አይቶን የትኛው ሕመምተኛ እንደሆነ ጠየቀ።

የኩላሊት ሐኪሙ ውጤቱን ደጋግሞ አየ። ከዚያ «ማን ነው ቀድሞ ያወቀው?» አለ። ጣቱን ሁሉም ወደ እኔ ቀሰረ። «ሳምንት ብትዘገዩ ኖሮ ሬሳ ነበር የምትወስዱት» አለ። እንግዲህ አስሉት። ዕድሜ አስረዘምኩ ስላችሁ በአየር ላይ አይደለም።

ለወንድሜ መንገር የእኔ ሥራ ሆነ። በምርምር ዶክትሬት የሚገኝ ሌላ ችሎታ አለ፤ ክፉ ዜናን ለማያውቅ ሰው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው እስከ ወገቡ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ከላይ ነጭ ነበር፤ ነጩ ላይ የሰው ጭንቅላት የተደገፈበት ቅባት ክብ ክብ ሆኖ ቀርቷል።

«ኩላሊቶችህ ሥራ አቁመዋል» አልኩት።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«አንዱ እንኳ አያፍርም?» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ሚስቱ ቆማ፣ ያወለቀውን ጫማውን በደረቷ አቅፋ ይዛ ነበር። ለምን ጫማ እንደያዘች አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማጋነን አያስፈልገኝም። እጥበት ጀመረ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ደሙን ከሰውነቱ አውጥተው በማሽን አጣርተው ይመልሱለታል። ክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ በሁለት መስመር ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ወንበር አጠገብ የሚንጫጫ ማሽን፣ እያንዳንዱ ማሽን ላይ በላስቲክ ቱቦ የሚዞር የሰው ደም። ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች በዚያው ወንበር ይቀመጣሉ። አንድ ጠዋት አንዱ ወንበር ባዶ ይሆናል። ማንም አይጠይቅም። ሲስተሯ ወንበሩን በአልኮል ትወለውለዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፤ አዲሱ ሰውዬ ሰላም ሲል ሁሉም ጎላ ባለ ድምፅ ይመልሱለታል።

ክንዱ ላይ ደም ሥሮቹን በቀዶ ጥገና አገናኙለት። ያ ቦታ እንደ ገመድ አበጠ፤ እጅ ሲነካው ውስጡ ንብ ያለበት ይመስል ይርገበገባል። ርግብግቡ ከቆመ ክንዱ ለእጥበት አይሆንም ማለት ነው። ሚስቱ ጨርቅ ስትቆርጥ ቆይታ ድንገት መቀሷን ታስቀምጥና ሄዳ ክንዱን ትዳስሳለች፤ አዳምጣ ተመልሳ ትቆርጣለች። አይነጋገሩም። ከሁሉ የከፋው ግን ጥሙ ነው። ውሃ እንደልቡ መጠጣት አይችልም፤ ሽንት የለም፣ የጠጣው ሁሉ ሳንባው ላይ ነው የሚጠራቀመው። ፍሪጅ በጀርባው ያነሣ የነበረ ሰው ፍሪጅ ከፍቶ ጥፍር የምታህል በረዶ ምላሱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሞ እስክትቀልጥ ይጠብቃል። አንድ ቀን ዕቃ ላጥብ ብዬ ቧንቧውን ስከፍት ከዚያኛው ክፍል «ጋሼ፣ ዝጋው ባክህ» አለኝ። ድምፁን መስማት አልቻለም።

ሥራ ሲተው የዕቃ መጫኛ መኪናው ጓዶቹ አልተውትም። ለጥቂት ጊዜ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ «ወደ ግራ! ወደ ግራ በለው! በሩን አትግጨው አንተ ዕውር!» እያለ ያዝዝ ነበር። በኋላ ያም ደከመው። ሱሪው ሲሰፋበት ሚስቱ አጠበበችለት፤ እንደገና አጠበበችለት። በመጨረሻ ከአንዱ ሱሪ የተረፈው ጨርቅ ለልጅ ቀሚስ ገበር ይበቃ ነበር።

ኩላሊቴን መስጠቴንስ? እሱን ልተወው ብዬ ነበር፤ ሰው ራሱን ያወድሳል እንዳይባል። ግን እውነት ነውና ይጻፍ። ሐኪሙ ቢሮ ሰተት ብዬ ገብቼ ጋደም አልኩና «ሁለቱንም ውሰዱ!» አልኩ። «አንድ ይበቃል» አሉኝ። «አይሆንም፣ ከወንድሜ ጋር እኩል ልሁን» አልኩ። መረመሩኝ፤ አልገጠመም። የእኔ ኩላሊት ከተራ ሰው አካል ጋር ለመስማማት በጣም ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ያን ዕለት እዚያው ኮሪደር ላይ አነባሁ።

ጥናቴን ስከላከል አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር፤ መስኮት ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ። ግንቡ በጠበበለት ኮት፣ ክንዱ ላይ ፋሻ አስሮ፣ ከሚስቱ ጋር ከኋላ ተቀምጧል። ከፈታኞቹ ዋናው ሰውዬ፣ ከሌላ ተቋም የመጣ ኮስታራ፣ ገጽ ገለጠና «ከጤነኞቹ አንዱ ለምን ከተራው ወጣ?» አለኝ።

«ጤነኛ ስላልነበረ» አልኩ። «ወንድሜ ስለነበረም። ያውና፣ ከኋላ ተቀምጧል።»

ኮስታራው ተነሣ። ከዚያ ሁሉም ተነሣ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያወርድብን ነበር። ግንቡ ብቻ አልተነሣም፤ መነሣት ስለማይችል።

የሞተው ከዚያ በኋላ ነው። እጄን ይዞ ነው የሞተው። አፉ ደርቆ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። «ጋሼ» አለኝ፣ «ይህንን ሁሉ ቀን የኖርኩት በአንተ ነው። ዶክትሬትህን የተማርከው ለእኔ ነበር።» ከዚያ ዓይኑን ከደነ። ሲስተሯ ማሽኑን ነቀለች፣ ወንበሩን በአልኮል ወለወለች።

እንግዲህ ልጆች፣ ዶክትሬት ምን ይሰጣል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ይኸው ነው። የማይንቀጠቀጥ እጅ፣ ሲበላሽ እያፏጩ መጀመር፣ ክፉ ዜና በወጉ መንገር፤ ከሁሉ በላይ ግን ከሰልፉ የወጣውን ነጥብ አለመጣል።

እስከዚህ ድረስ ጻፍኩና ወደ ፋኩልቲው ከመላኬ በፊት ለወንድሜ ሚስት ላነብላት ሄድኩ። ደስ ይላታል ብዬ ነው፤ እሷም አለችበትና። ከሰዓት በኋላ ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሰው መጋረጃ ጠርዝ ትዘመዝማለች። እያነበብኩላት የስፌት መኪናው አላቆመም፤ ድመቷ ጋ ስደርስ ፈገግ አለች፤ ቧንቧው ጋ ስደርስ እግሯ ከመርገጫው ላይ ወረደ። ጨረስኩ። «እህሳ?» አልኳት። «ምን ይጨመርበት?»

መጋረጃውን አጣጠፈችና ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ያን ቀን እኮ አልመጣህም፣ ጋሼ» አለች።

ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም። ክር ያለቀባት ሰው ክር አለቀብኝ እንደምትለው ነው ያለችው።

«የትኛውን ቀን?»

«ሆስፒታል የወሰድኩት እኔ ነኝ። እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ ብሎ በነጠላ ጫማ ነው ያስገባሁት። ጫማውን በእጄ ይዤ ነበር። አንተ የመጣኸው ሐኪሙ ነግሮን ካበቃ በኋላ ነው። አልጋው ላይ ተቀምጠህ ደግመህ ነገርከው እንጂ እሱ ሰምቶ ነበር።»

«እሱን እንኳ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ኩላሊትም አልተመረመርክም። እኔ ልጠይቅህ ብዬ ነበር። 'ጋሼን አትጠይቂው፣ እምቢ ማለት ይከብደዋል' አለኝ። ተውኩት።» አቧራ ያለበት ይመስል መጋረጃውን በመዳፏ ጠረገችው። «በፈተናህም ቀን ስለ እሱ ማንም አልጠየቀህም። ጤነኞቹን ስትቆጥር ሌላ ሰው ተክተህበት ስለነበር ሙሉ ናቸው ነው ያልከው። እሱ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ነበር፤ የሆነ ቦታ ላይ ታነሣው እንደሆነ።»

ወረቀቶቹን ማስተካከል ጀመርኩ። እጄ ላይ ትንሽ ችግር ነበር።

«ጡንቻው ነው ያልከውም አንተ ነህ፣ ጋሼ። እዚሁ፣ አሁን የተቀመጥክበት ወንበር ላይ። እየሳቅህ ነው የገባኸው። 'ግንቡ፣ ጡንቻህ በዝቶ መሣሪያውን አሳሳትክብኝ፤ ለጤነኛ እንኳ አትሆንም፣ አውጥቼሃለሁ' አልከው። ያ ባልደረባህ 'ምናልባት ይደገም' ቢልህ፣ የማን ደም እንደሆነ አያውቅም ብለህ ሳቅህበት። ፕሮፌሰሯም ሰውየው ሐኪም ይየው ብለውህ ነበር፤ ይህን ያልከን አንተው ነህ፣ በሰዓቱ እንደ ቀልድ ነበር የነገርከን። እኔ ወገቡን ያመዋል ብዬህ ነበር። 'ግንብ አይታመምም' አልከኝ።»

የመጨረሻውን ገጽ ገለበጥኩት።

«ደስ ብሎት ነበር» አለች። «እንዴት ደስ እንዳለው አትጠይቀኝ። ለመኪናው ጓዶች ሁሉ ነገራቸው። ሳይንስ ያልቻለኝ ሰው ነኝ እያለ ሁለት ሰው የሚይዘውን ብቻውን ይይዝ ጀመር። በኋላ እግሩ ሲያብጥ፣ ፊቱ ሲያብጥ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ እያልኩ በለመንኩት ቁጥር 'ተይ እንጂ፣ ጋሼ ጡንቻ ነው ብሏል እኮ' ይለኝ ነበር።»